አምስት ጓደኛ፣ አምስት ጉዞ

«ከመሪው ኋላ» የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥቅምት ሲቃረብ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ይመሳሰላሉ። ዝናቡ አባርቷል፣ ጭቃው ጠፍፏል፣ ሰውን ሁሉ እግሩን መብላት ጀምሮታል። የዚህ ወር ጥያቄዎች በሙሉ ስለ ጉዞና ስለ ጓደኛ ስለሆኑ ሦስቱን መርጫለሁ።

አምዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለምታነቡ፦ እኔ 31 ዓመት ሙሉ ከአዲስ አበባ ጎጃም፣ ከጎጃም አዲስ አበባ የነዳሁ ሾፌር ነኝ። አሁን ጡረታ ወጥቼ ደብረ ማርቆስ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ የሰው መኪና ድምፅ እሰማለሁ። የሥነ ልቦና ባለሙያ አይደለሁም። ስለ ሰው ጠባይ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከፊት ለፊቴ ከተሰቀለችው መስታወት ነው። በሷ ውስጥ ስንት ፍቅር ሲጀመር፣ ስንት ጓደኝነት ሲያልቅ አይቻለሁ።

ጥያቄ

«ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የ28 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው እዚሁ ደብረ ማርቆስ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የማንለያይ አምስት ጓደኛሞች ነን፤ ሦስት ሴት፣ ሁለት ወንድ። አምና በጥቅምት ሚኒባስ ከነሾፌሩ ተከራይተን ከዓርብ እስከ ሰኞ ወጣን። ዓርብ ቡሬ አደርን። ቅዳሜ ጠዋት ግሽ ዓባይ፣ ከዚያ ዘንገና ሐይቅ፣ ማታ ባሕር ዳር፤ እሑድ ጢስ ዓባይ። ዕቅዱ ቆንጆ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ግን እኔና አንዷ ጓደኛዬ ምንም ሳንቀምስ ስንጠብቅ፣ ሌሎቹ ሦስቱ ሆቴሉ ውስጥ እንቁላል ፍርፍራቸውን በልተው ጨርሰዋል። ግሽ ዓባይ ስንደርስ የበላ ሰው ምንጩ ጋ አይቀርብም ተባሉ። 'ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁንም?' ብለው ተቆጡን። እኛም 'ማን አያውቅም!' አልን። ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ተበላሸ። አንዱ ጓደኛችን በየቦታው ያረፍዳል፤ ስሙን 'መጣሁ' ብለነዋል። 'ሒሳብ በኋላ እንተሳሰባለን' እየተባለ እኔ ስከፍል ነበር፤ 4,200 ብር እስካሁን አልተመለሰልኝም። መጠየቅም አፈርኩ። አንዷ ደግሞ የጢስ ዓባዩን ፎቶ ቲክቶክ ላይ ስትለጥፈው እኔን ቆርጣ አውጥታኛለች። ሰኞ ስንመለስ ከባሕር ዳር እስከ ማርቆስ የሚያወራው ሬዲዮው ብቻ ነበር።

አሁን 'ዘንድሮም እንሂድ' እየተባለ ነው። እወዳቸዋለሁ። መሄድም እፈልጋለሁ። ግን ፈራሁ። ምን ላድርግ?»

መ.፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ

ልጄ፣ ደብዳቤሽን እንዳነበብሁ መጀመሪያ ሳቅሁ። በእንቁላል ፍርፍር የተጣላ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። በመስኮት የተጣላ አውቃለሁ፤ አንዱ ይከፈት፣ አንዱ ይዘጋ እያሉ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን የዓባይን በረሃ ሲጨቃጨቁ ያለፉ። በዘፈን የተጣላም አውቃለሁ። በእንቁላል ግን አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ።

ደግሜ ሳነበው አንዲት ቃል ላይ ቆምሁ። «ማን አያውቅም!» ያላችሁት።

ግሽ ዓባይ በባዶ ሆድ እንደሚቀረብ አንቺ የምታውቂው ምናልባት በልጅነትሽ እናትሽ ወይ አያትሽ ይዘውሽ ሄደው ይሆናል። «መጣሁ» የት ይወቀው? ለሱ ግሽ ዓባይ ማለት በጂኦግራፊ መጽሐፍ ላይ ያየው የዓባይ መነሻ ነው። አንቺ የሄድሽው ለጠበል። እሱ የሄደው ለሽርሽር። ባለ ቲክቶኳ የሄደችው ጢስ ዓባይን ልታነሳ። አምስት ሰው አንድ ሚኒባስ ውስጥ ገባ እንጂ አምስቱም የየራሱን ጉዞ ነበር የያዘው። ማንም ለማንም አልተናገረም።

ብዙ ሰው የማያምነኝን ነገር ልንገርሽ። ከመናኸሪያ የጫንኋቸው 60 የማይተዋወቁ ሰዎች፣ ኮንትራት ከያዙኝ አሥር ጓደኛሞች ያነሰ ይጣላሉ። የማይተዋወቅ ሰው ይጠያየቃል። «ወንድሜ፣ መስኮቱን ብከፍተው ቅር ይልሃል?» «እህቴ፣ ልጅሽን ልያዝልሽ?» ጓደኛ ግን አይጠይቅም። ያውቀዋላ! የሚያውቀው ግን ካፌ የሚያገኘውን ጓደኛውን ነው። የተራበውን፣ እንቅልፍ ያጣውን፣ ኋላ ወንበር ላይ አራት ሰዓት የተንገጫገጨውን ጓደኛውን አያውቀውም።

እኔም ይህን የተማርሁት ተሳስቼ ነው። በ1994 ዓ.ም. ከሦስት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር የአገው ፈረሰኞችን በዓል ለማየት ወደ እንጅባራ ወጣን። በዓሉ ጥር 23 ነው፤ እኛ የተነሳነው ዋዜማውን በተዋስናት ፒካፕ ነበር። የምነዳው እኔ። ቡሬ ላይ ለሻይ ቆምን። «20 ደቂቃ» አልሁ። 20 ደቂቃ አለፈ፣ አንደኛው የለም። 40 ሆነ፣ የለም። እኔ ሾፌር ነኝ፤ ሰዓት ሰዓት ነው ብዬ ሞተር አስነሳሁ። ሁለቱ «ትንሽ እንጠብቀው» ቢሉኝ አልሰማሁም። ጥለነው ሄድን።

ማታ በጭነት መኪና ተሳፍሮ እንጅባራ ደረሰ። አልተቆጣም። አንድ ቃልም አልተናገረም። ለካ ልጁ ታሞበት ቤት ሊደውል ቴሌ ወረፋ ይዞ ኖሯል። ያኔ እንደ ዛሬው ሞባይል በየኪሱ የለም። ልጁ መታመሙን ለማናችንም አልነገረንም፤ እኛም ጠዋት ፊቱ ለምን እንደጠቆረ አልጠየቅነውም። ሁለት ዓመት ሳንነጋገር ቆየን። ከበዓሉ የማስታውሰው ፈረሶቹ ካለፉ በኋላ የቀረውን አቧራ ብቻ ነው። በሰዓቱ ጉዳይ እኔ ልክ ነበርሁ። ምን ጠቀመኝ?

ስለዚህ ዘንድሮ ከመነሳታችሁ በፊት አንድ እሑድ ቤትሽ ቡና አፍዪ። አምስታችሁም ኑ። የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አይደለም፤ እዚያ ሁሉም «እሺ» ብሎ አውራ ጣት ይልካል፣ ከዚያ ይረሳዋል። ፊት ለፊት። አቦሉ ላይ እያንዳንዱ ሰው ከጉዞው የማይቀርበትን አንድ ነገር ይናገር። አንድ ብቻ። «ለእኔ ግሽ ዓባይ ጠበል መጠመቅ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢቀር አልከፋም።» «ለእኔ ባሕር ዳር ላይ እስከ አራት ሰዓት መተኛት ነው።» አትሳቂ፣ መተኛትም ጉዳይ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ በሌሊት የሚነሳ ሰው አለ። ቶናው ላይ ደግሞ የማይችለውን አንድ ነገር ይናገር። «ኋላ ወንበር አልችልም።» «ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ መሆን እፈራለሁ።» በረካ ሳይደርስ ዕቅዳችሁ ራሱ ይወጣላችኋል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይሉ የለ እናቶቻችን?

ለምሳሌ ያንቺን እንውሰድ። ጠበሉ ለአንቺና ለጓደኛሽ ከሆነ ለሌሎቹ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ምንጩን ማየት የፈለገ አብሯችሁ ይጹም። ያልፈለገ ፍርፍሩን በሰላም ይብላ፣ እናንተ እስክትመለሱ ሰከላ ከተማ ሻይ ይጠጣ። ለጿሚዎቹ ዳቦና ቆሎ መኪናው ውስጥ ይቀመጥ፤ ከጠበል የወጣ ሰው ረኃቡ ከባድ ነው። ይህን ለማውራት ሁለት ደቂቃ ይበቃል። እናንተ ባለማውራታችሁ ሦስት ቀን ከሰራችሁ።

የምግብ ነገር ከተነሳ፣ ከመካከላችሁ ሙስሊምና ክርስቲያን ካለ ሥጋው እንደሚለያይ ማንም አይስተውም። ግን ሰው «እዚያ ስንደርስ እናያለን» ይላል። እዚያ ሲደርስ ሁለቱ ክትፎ አዘዋል፣ አንዱ ሰላጣ ይዞ ጣሪያ ያያል። ሽሮና በያይነቱ ሁሉንም በአንድ ትሪ ያስቀምጣል። ሥጋ ያማረው ደግሞ አንድ ምሳ ለብቻው ይሂድና ይብላ፤ ጠላትነት አይደለም። ረቡዕና ዓርብን፣ የጾም ወራትንም ቀድማችሁ ቁጠሩ።

አሁን ወደ ሙሴ ልምጣ። በጽዋ ማኅበር ያደገ ሰው ሙሴ ምን እንደሆነ ያውቃል። ማኅበሩን የሚመራ፣ ነገር ሲካረር የሚያበርድ፣ የተናገረው የሚደመጥ ሰው ነው። እናንተም አንድ ሙሴ ሹሙ። በየቀኑ ብትቀያየሩም ጥሩ ነው፤ ቅዳሜ አንዱ፣ እሑድ ሌላው። ሥራው «የት እንብላ?» ሲባል አንድ ቤት መምረጥ ነው። አምስት የራበው ሰው ደምበጫ አስፋልት ላይ ቆሞ ምግብ ቤት ሲመርጥ አይቼ አውቃለሁ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ። በመጨረሻ የገቡበት መጀመሪያ ያዩት ቤት ነበር። ሙሴው ከመረጠ በኋላ ወጡ ጨው ቢበዛበት ማንም «አላልኳችሁም?» እንዳይል። የመጽሐፉ ሙሴ እንኳ መና እያበላ 40 ዓመት አንጎራጉረውበታል።

ገንዘቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጓደኝነት የሚቀበረው እዚያ ነው። እኛ ሰዎች ሒሳብ ሲመጣ «በሞቴ፣ እኔ ልክፈል!» ብለን የአስተናጋጁን እጅ እንይዛለን። ቤት ስንገባ ደግሞ ማን ስንቴ እንደከፈለ በልባችን እንቆጥራለን። አፋችን ለጋስ ነው፣ ልባችን ደብተር ይይዛል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት እኩል አዋጡና አንድ ሰው እጅ በቴሌብር ይግባ። ገንዘብ ያዡ ሙሴው አይሁን፤ እቁብም ላይ ዳኛና ጸሐፊ የሚለየው በከንቱ አይደለም። መኪናው፣ ነዳጁ፣ መኝታው፣ የጋራ ምግቡ፣ የመግቢያ ክፍያው ከዚያ ይውጣ። ቢራ፣ የስጦታ ማር፣ ከእንጅባራ የምትገዙት የቀርቀሃ ወንበር ከየኪሳችሁ። የወጣው ሁሉ ማታ ማታ ግሩፑ ላይ ይጻፍ። ደረሰኝ ሁሉ መልቀም አያስፈልግም፤ «ምሳ ፍኖተ ሰላም፣ ይህን ያህል» በቂ ነው።

አንድ ነገር ግን በግሩፕ አይባልም። ከአምስታችሁ ሥራ ያላገኘ ወይም ቤተሰብ የሚረዳ አለ? የሆቴሉን ደረጃ የሚወስነው የሱ ኪስ ነው። «ምን ያህል ትችላለህ?» ብለሽ በሰው ፊት አትጠይቂው። መካከለኛ መኝታ ምረጪና «ይህ ይበቃናል» በዪ። ደሞዙ የጠገበው አንድ ሌሊት ሙቅ ውኃ ቢቀርበት አይሞትም። ወዲያኛው ግን ለሦስት ሌሊት ሆቴል ተበድሮ ስድስት ወር ሊከፍል ይችላል።

4,200 ብርሽን በተመለከተ፣ አዲሱ መዋጮ ከመሰብሰቡ በፊት ጠይቂ። ካሁን ወዲያ ከባድ ይሆናል። አታለቃቅሺ፣ አትቀልጂም። «ያምናው ሒሳብ ይኸው፣ የቀረው 4,200 ነው፣ ለአራታችሁ ሲካፈል 1,050 ይደርሳችኋል፣ አዲሱን ከመጀመራችን በፊት እንዝጋው» ብለሽ ለአራቱም በአንድ ጊዜ ላኪ። ለእያንዳንዱ ለብቻ ከላክሽ «እኔን ብቻ ጠየቀችኝ» ይላሉ። እኔ እንደምገምተው ሦስቱ በዚያው ቀን ይልካሉ፤ ረስተውት ነው እንጂ ክደውሽ አይደለም። አራተኛው «መጣሁ» ይልሻል።

ስለሱ አንድ ዘዴ አለኝ። ረዳት ሆኜ ስጀምር አለቃዬ ያስተማረኝ ነው። በጉዞ ላይ አርፋጅን አትሳደብ፣ ሥራ ስጠው። ሁሌ የሚያረፍደውን ሰውዬ «ሰው ቁጠርልኝ፣ ሳትቆጥር አልንቀሳቀስም» ስለው መጀመሪያ መኪናው በር ላይ የሚገኘው እሱ ሆነ። «መጣሁ»ን ዕቃ አስጫኝ አድርጉት። ሰዓቱንም አጥሩት። «12 ሰዓት እንነሳለን» ማለት ከአልጋ ነው ወይስ ከሆቴሉ በር? ለአንዳንዱ ሰው 12 ሰዓት ማለት ፎጣ የሚፈልግበት ሰዓት ነው። «12 ሰዓት ሞተር ይነሳል» በሉ። እንዲያም ሆኖ ቢያረፍድ ደውሉ እንጂ ጥላችሁ አትሂዱ። የቡሬውን ነግሬሻለሁ።

ፎቶውስ? እሱ ላይ ብቻሽን አይደለሽም። አንድ ጊዜ አንድ የታሪክ መምህር ጋቢና ተቀምጠው ከማርቆስ እስከ ቡሬ አጫወቱኝ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1770 ጀምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ ያቺው እናንተ የተጣላችሁባት ግሽ ዓባይ ደረሰ። ከአውሮፓ የመጀመሪያው እኔ ነኝ አለ። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል ስፔናዊ ቄስ ግን ከሱ 152 ዓመት ቀድሞ፣ በ1618፣ እዚያው ቆሞ ነበር። ብሩስ ይህን አልቀበልም ብሎ ተከራከረ። የባሰው ይህ አይደለም። ብሩስ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሰዓሊ ይዞ ነበር የመጣው። አብሮት ተንከራተተ፣ ሣለለት፣ ግሽ ዓባይም አብረው ደረሱ። ከዚያ በኋላ ነው ጎንደር ላይ የሞተው። ብሩስ አገሩ ገብቶ ታሪኩን ሲጽፍ ግን ጓደኛው ምንጩ ጋ ከመሄዳቸው በፊት የሞተ አስመስሎ ጻፈው። ቆርጦ አወጣው እኮ! ቲክቶክ ባልነበረበት ዘመን።

መምህሩ ይህን ሲነግሩኝ ለባሉጋኒ በጣም አዘንሁ። ፎቶ ለጣፊዋም ክፋት አስባ አይመስለኝም፤ ያ ፎቶ ላይ የራሷ ፊት ስላማራት ይሆናል። ግን ንገሪያት። ቡናው ላይ ሳይሆን ለብቻዋ። «ከፎቶው ስታወጪኝ አብሬሽ እንዳልሄድሁ ተሰማኝ» በያት። ዘንድሮ ደግሞ አንድ ደንብ አውጡ፤ የቡድኑ ፎቶ ሲለጠፍ ሁሉም ይኖርበታል። ለብቻዋ የተነሳችውን እንደፈለገች ታድርገው።

የቀረውን በአጭሩ። ወንበር በየቀኑ ተቀያየሩ። ኋላ ወንበር ላይ ሦስት ቀን የተቀመጠ ሰው ቅዱስ ቢሆን እንኳ ይቆጣል። ዘፈን በፍላሽ ከሆነ በተራ ይሁን፤ ከዳንግላ እስከ መራዊ ደግሞ ዝምታ ይኑር። ባሕር ዳር ስትገቡ ተለያዩ። እውነቴን ነው፣ ከምሳ በኋላ እስከ እራት ተለያዩ። የሚተኛው ይተኛ፣ አንዱ የዘንባባው መንገድ ላይ ይንሸራሸር፣ ሌላው ሐይቁ ዳር ቁጭ ይበል። ማታ ስትገናኙ የምታወሩት ይኖራችኋል። አራት ቀን ሙሉ ትከሻ ለትከሻ የዋለ ሰው ምን ያወራል?

ሾፌሩንም አትርሱ። የሱን ነገር ካላነሳሁ ጓደኞቼ መናኸሪያ አያስገቡኝም። አበሉንና መኝታውን ከመነሻው ተነጋገሩ። ምሳ ስትበሉ አብሯችሁ ይቀመጥ። በሌሊት አታስነዱት፤ ከብት አስፋልት ላይ ይተኛል፣ መብራት የሌለው ጋሪ ድንገት ፊትህ ይቆማል። «ትንሽ ነው የቀረው፣ እንግባ» የሚል ተሳፋሪ መሪ ይዞ አያውቅም። ከመውጣታችሁ አንድ ቀን ቀድማችሁም በምታልፉባቸው ከተሞች ላለ ዘመድ ደውላችሁ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ወደ ግሽ ዓባይ የሚያስገባው አስፋልት የለቀቀ መንገድ ስለሆነ ዝናብ ጥሎበት እንደሆነም ጠይቁ። መንገዱ አይሆንም ከተባለ ጉዞው ይቆይ። ያን ጊዜ «እንደፍር» የሚለውን ሙሴ አትሹሙት።

ሂጂ፣ ልጄ። ቡናውን መቼ እንደምታፈዪ ብቻ ንገሪኝ፤ ሰፈርሽ ሩቅ አይመስለኝም።

ጥያቄ

«ጋሼ፣ ባሕር ዳር የምንሠራ ስምንት ጓደኛሞች ነን። ባለፈው እሑድ ጀልባ ተከራይተን ክብራን ገብርኤል ሄድን። ሴቶቹ መግባት እንደማይችሉ ያወቁት እዚያ ሲደርሱ ነው። ጀልባው ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ፀሐይ ሲመታቸው ጠበቁን። እስካሁን እንዳኮረፉ ናቸው። ሥርዓቱን እኛ አላወጣነው፤ ምን አጠፋን?»

ተ.፣ ከባሕር ዳር

መልስ

ሥርዓቱን አላወጣችሁም። ያልተናገራችሁት ግን እናንተ ናችሁ።

ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ትናንት የወጣ ሕግ አይደለም። ከሰፈርህ ወንዶች አንዱ እንኳ ያውቀዋል፤ እንዲያውም ከእናንተ መካከል የሚያውቅ አልነበረም ብትለኝ አላምንህም። አውቆ ዝም ያለ አለ፤ «እዚያ ስንደርስ ይነገራቸዋል» ብሎ። ጀልባ ላይ ተቀምጦ የወንድ ጓደኛውን ጀርባ እያየ የሚጠብቅ ሰው ምን እንደሚሰማው እስኪ አስበው። ያውም እኩል አዋጥተው!

ብታስቡበት መንገድ ነበረው። እንጦስ ኢየሱስ ከክብራን አጠገብ ያለች ደሴት ናት፤ ሴቶች ይገባሉ። እናንተ ክብራን ስትወርዱ ጀልባው እነሱን እንጦስ አድርሶ መመለስ ይችል ነበር። ሁላችሁም አብራችሁ ልትገቡ ከፈለጋችሁ ደግሞ ዘጌ አለላችሁ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ወንድም ሴትም ይገባል። ከጀልባው ወርዳችሁ በቡናው ጫካ ውስጥ በእግር ትወጣላችሁ። ግድግዳው ሙሉ ሥዕል ነው፤ አንዱን ሥዕል ቄሱ ሲተርኩላችሁ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል።

በጠዋት ውጡ። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይወዳል፤ ሞገዱ ሲነሳ ቅድም ሲሳሳቅ የነበረው ሁሉ ዳዊት መድገም ይጀምራል። ከባለ ጀልባው ጋር ከመነሳታችሁ በፊት ስንት ቦታ እንደሚያቆም፣ በየቦታው ስንት እንደሚጠብቅ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት ለስምንታችሁም እንዳለው ጠይቁ። መሐል ሐይቅ ላይ ዋጋ የሚከራከር ሰው ሁሌም ይሸነፋል።

ኩርፊያውን በተመለከተ ደግሞ «ይቅርታ» የሚለው ቃል ብቻውን እንዳይሄድ። በሚቀጥለው እሑድ የጀልባውን ኪራይ እናንተ ወንዶቹ ክፈሉ፣ ቦታውን እነሱ ይምረጡ። «ገበያ እንሂድ» ካሉም ገበያ ሂዱ። ዘንቢሉንም ተሸከሙ።

ጥያቄ

«ጋሼ፣ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ለስልጠና አዲስ አበባ ልንሄድ ነው። እኔን የዓባይ በረሃ ሁልጊዜ ያስመልሰኛል። ለአለቃዬ ጭምር ነው የማፍረው። ምን ይሻለኛል?»

ሰ.፣ ከፍኖተ ሰላም

መልስ

ማፈሩን ተዪው። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርጃለሽ፤ ከዚያ ያንኑ ያህል ወደ ጎሐ ጽዮን ትወጫለሽ። ጆሮሽ ይደፈናል፣ ብርዱን ላይ ትተሽ ታች ሙቀቱ ይቀበልሻል፣ መንገዱ እንደ እባብ ይጥመለመላል። ሆድሽ ቢገለበጥ ምን ይደንቃል? እኔም ረዳት ሳለሁ የመጀመሪያውን ወር ጭንቅላቴን በመስኮት አውጥቼ ነው የጨረስሁት።

ጠዋት ባዶ ሆድሽን አትውጪ፣ ቅባት የበዛበትም አትብዪ። ደረቅ ዳቦና ሻይ ይበቃል። ደጀን ከመድረሳችሁ በፊት ለጓደኞችሽ ንገሪና ፊት ወንበር ተቀመጪ። ዓይንሽ ሩቅ ይይ፤ ማዶውን ገደል፣ ሰማዩን። ስልክሽን ቦርሳ ክተቺ፤ ዛሬ ዛሬ ሰዉን የሚያስመልሰው ከመንገዱ ይልቅ ስልኩ ነው። መስኮቱን ትንሽ ክፈቺ። ዝንጅብል ወይ ሎሚ ያዢ፤ ለአንዳንዱ ይረዳዋል። ለሾፌሩም ንገሪው፣ አያፍርብሽም። በትልቅ ማርሽ እየለቀቀ፣ ኩርባው ላይ ፍሬን እየረገጠ ከሚወርድ፣ ማርሽ ቀንሶ ቀስ እያለ ቢወርድ ላንቺም ለመኪናውም ይሻላል። ድልድዩ ጋ ሳትደርሱ ካጣደፈሽ «አቁምልኝ» በይ፤ የሚቆምበትን ሰፊ ቦታ እሱ ያውቃል።

ፌስታል ደግሞ ሁለት ያዢ። አንዱ ላንቺ ነው። ሌላው ከጎንሽ ተቀምጦ «እኔን እኮ አያመኝም» ለሚለው፤ 31 ዓመት ስነዳ መጀመሪያ የሚያስመልሰው ሁልጊዜ እሱ ነው።